ትሄዳለች የሚል ዋስ

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። ሰው እንግዳ ሊጠራ ሲያስብ ምን ያዘጋጃል? ቤት ያስጠርጋል፣ ዶሮ ያሳርዳል፣ ከጎረቤት አልጋ ይለምናል። እኔ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልተጠየቅሁም። የተጠየቅሁት እንግዳዬ መጥታ፣ በልታና ጠጥታ ስታበቃ ተነስታ እንደምትሄድ ዋስ እንድጠራ ነው። ገና ሳትመጣ! ገና ባሕር ማዶ ቁጭ ብላ የሰው ሸሚዝ ስትሰፋ!

እናንተ መሳቅ ትችላላችሁ፤ እኔም ያን ጊዜ ሳቄ መጥቶብኝ ነበር። የውጭ አገር ሰው ጉዳይ የሚያዩት ፊታውራሪ ፊት ስለቆምኩ ግን ሳቁን ወደ ሳል ለወጥኩት፤ እሳቸውም በረኛቸውን አጋፋሪውን «ይኸ ሰው ሳንባውን ያመዋል እንዴ?» ብለው ጠየቁት። ሳንባዬ ደህና ነበር። የማይረባው ጭንቅላቴ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። በጉርምስናዬ ለአንድ ግሪክ ቡና ነጋዴ ተቀጥሬ ዓደን ወርጄ ነበር፤ ከጅቡቲ በመርከብ ተሻግሮ ካለው ወደብ። ሥራዬ የቡና ጆንያ ሚዛን ላይ ማውጣትና ማውረድ ነው። ጆንያ ሲቀደድ ደግሞ ከመጋዘኑ አጠገብ ካለ አንድ አርመን ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ አሰፋለሁ። ሰፊው ከቱርክ አገር ሸሽተው የመጡ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ መርፌውን የምትይዘው ልጃቸው ታኩሂ ናት። እግዚኦ ያን ሰሞን የጆንያው አቀዳደድ! ግሪኩ ራሱን ይዞ እስኪጮህ ድረስ። አንዳንዱን አይጥ ይቀደዋል፣ አንዳንዱን የወደቡ መንጠቆ፣ የቀረውን እኔ።

እሷ አማርኛ አታውቅም፣ እኔም አርመንኛ አላውቅም። ያግባባን ዓረብኛ ነው፤ የእሷ በአንድ በኩል የተሰበረ፣ የእኔ በሌላ በኩል የተሰበረ፣ ሲገጣጠም ግን ደህና ይሆናል። ታኩሂ ቁመቷ አጠር፣ መልሷ ፈጠን ያለ፣ ሰው ሲዋሽባት ክሩን በጥርሷ ቀጭ አድርጋ በጥሳ ዝም የምትል ልጅ ነበረች። እኔ ፊት ብዙ ክር በጥሳለች። ቢሆንም ወደደችኝ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ መጠየቁንም ፈርቼ ተውኩት።

ከአባቷ ፊት ቃል ተሰጣጣን። ሠርጉ ሐረር፣ እናቴ ዘንድ እንዲሆን ተስማማንና እኔ ቀድሜ ተመለስኩ፤ የእናቴ ዓይን እየፈዘዘ ነበር፣ ከእኔ በቀርም ልጅ የላትም። ታኩሂ ደግሞ ሽማግሌ አባቷን ጥላ የምትመጣ ልጅ አይደለችም። እሳቸው የሞቱ ጊዜ፣ ቡና ሊገዛ ሐረር በሚመላለሰው በግሪኩ ሰው በኩል ቃል ላከችብኝ። «ብቻዬን ቀረሁ፤ ጥራኝ» ነው ያለችው። በዓለም ላይ ዘመድ የሚባል አልቀራትም ነበር።

እናቴ ስሟን ደጋግማ ሞከረችው፤ አልሆነላትም። «ተወው» አለችኝ፤ «ታከለች ብያታለሁ። በቤታችን ላይ ታከለች፣ አለቀ።» በማግስቱ ለሠርጉ ጠላ ጌሾ ማስወቀጥ ጀመረች። ቀኑ አልተቆረጠ፣ ሙሽራዋ አልመጣች፣ ይለፉ አልወጣ! ብላት ብሠራት አልሰማ አለችኝ። የእናቴ ጆሮ የሚደክመው እንዲደክም በፈለገችው ሰዓት ብቻ ነው።

ይለፍ ያልኩት፣ ከውጭ አገር የመጣ ሰው ድሬዳዋ ከባቡር ወርዶ ወደ ሐረር ሲወጣ ኬላው ላይ የሚያሳየው ወረቀት ነው። የፊታውራሪው ማኅተም ከሌለበት ኬላው አያሳልፈውም። ፊታውራሪውን ለማግኘት ደግሞ ደጅ መጥናት ነው።

ደጅ ጥናት ሥራ ነው፤ ደሞዝ የሌለው ሥራ። ማልዶ መነሳት ነው፤ ነጠላን አደግድጎ ግቢው ውስጥ መቆም ነው፤ ጌታው ብቅ ሲሉ እጅ መንሳት፣ ሲገቡ መጠበቅ፣ ሲተኙ ደግሞ እንዳይነቁ በቀስታ መሳል ነው። እኔ ከሕዝቡ መሐል ጠፍቼ እንዳልቀር ብዬ በጓሮ በር በኩል ለብቻዬ አንድ ጥግ መረጥኩ። በዚያ በኩል ካባ የደረበ፣ ፊቱ የሚያበራ፣ ሆዱ ከሩቅ «ጌታ ነኝ» የሚል ሰው ይገባል ይወጣል። ባየሁት ቁጥር መሬት ስሜ እነሳለሁ። ሰውዬው መጀመሪያ ሰሞን ከኋላው ማን እንዳለ ዞር ብሎ ያይ ነበር። ሲውል ሲያድር ለመደው፤ ራሱን ነቅነቅ እያደረገ፣ በደህና ቀን ደግሞ «እንዴት አደርክ» እያለ ማለፍ ጀመረ። እኔም ማታ ለእናቴ «ፊታውራሪው ወደውኛል» እላታለሁ።

አንድ ቀን አጋፋሪው ዱላውን ተደግፎ ሲያየኝ ቆየና ጠራኝ።

«አንተ ሰው» አለኝ፤ «የወጥ ቤቱን አለቃ ምን በድለኸው ነው ዕለት ዕለት ይቅርታ የምትለምነው?»

ምን ልበላችሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለካ እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ መሬት የሳምኩት ለወጥ ሠሪ ኖሯል። ፊታውራሪውማ በፊት ለፊቱ በር ሲገቡ ሲወጡ የከረሙ፣ ቀጭን፣ አጭር፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው።

አጋፋሪው ሳይስቅብኝ አልቀረም፤ ግን አዘነልኝ። ከእናቴ ጓዳ አንድ ገንቦ ማር ሳመጣለት ደግሞ የበለጠ አዘነልኝ።

«ለመሆኑ ይቺ ሴት ምንህ ናት?»

«እጮኛዬ ናት።»

«በል አፍህን ዝጋ! እጮኛ ያልክ እንደሆነ ለኑሮ ነው የምትመጣው ይባላል። ለኑሮ ከሆነ የኛ ሥልጣን አይደለም፤ አዲስ አበባ ይጠየቃል። አዲስ አበባ ተጠይቆለት መልስ የመጣለት ሰው እኔ እስካሁን አላየሁም። እንግዳ ናት በል። ለእንግዳ እዚሁ ይፈቀዳል።»

ከዚህ የበለጠ ምክር ከየት ይገኛል? እየዘለልኩ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ፊታውራሪው ፊት ቀረብኩ፤ እሳቸው በመፋቂያ ጥርሳቸውን እየፋቁ ሰሙኝ።

«እንግዳ ናት?»

«አዎን ጌታዬ፣ እንግዳ ናት። ሁለት ወር ተቀምጣ ትሄዳለች።»

«ትሄዳለች?»

«ትሄዳለች ጌታዬ።»

«መልካም» አሉና መፋቂያውን ከአፋቸው አወጡት። «እንግዲያው ትሄዳለች የሚል ዋስ ጥራ።»

እንግዲህ ያቺ ሳል የመጣችው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት የክርስትና አባቴ ዘንድ ነበር። ጨርሰው እንኳ አልሰሙኝም። «ልጄ» አሉኝ፤ «እናትህ ለሠርግ የምታስወቅጠው ጌሾ እዚህ ድረስ ይሸተኛል። እኔን ሠርግ ጠርታ ስታበቃ፣ አንተ ደግሞ ሙሽራዋ ትሄዳለች ብለህ ተዋስ ትለኛለህ? የትኛችሁን ልመን?» ቀጥዬ ሸዋ በር በቅሎ የሚያከራየውን ጎረቤታችንን ለመንኩት። እሱ ደግሞ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «እንግዲህ ያው ካየችህ በኋላ ልትሄድም ትችላለች» አለ፤ «ግን ምናልባት ነው። ሰው በምናልባት አይዋስም።» በእንዲህ ያለ አክብሮት ከተማውን ዞርኩት።

እናቴ ነገሩን ከጎረቤት ሰማች። ስገባ ሙቀጫው ዝም ብሏል፤ ዘነዘናውን ይዛ ቆማለች።

«እንግዳ ናት አልክ?»

«እማዬ፣ ለወጉ ያህል ነው እኮ...»

«ትሄዳለች የሚል ዋስ ፍለጋ ሰው ደጅ ትዞራለህ? በሬን አንኳኩታ ሳትገባ መሄጃዋን ታሰናዳለህ? ሂድ! እንዳትሄድ የሚዋስልኝን ሰው ጥራልኝ። እኔ የምፈልገው ዋስ እሱን ነው!»

ዘነዘናውን ወደ ሙቀጫው ስትወረውረው ወደ እኔ የወረወረችው መስሎኝ ከደጅ ወጣሁ። እግሬ በራሱ ጊዜ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ አው ሐሰን ዘንድ ወሰደኝ።

አው ሐሰን መጽሐፍ ጠራዥ ናቸው። አው የሚለው የማዕረግ ስም ነው፤ የግንቡ ውስጥ ሰዎች ሽማግሌያቸውን እንዲያ ይጠራሉ። ቁርኣን ይጠርዛሉ፤ የአባቴን ዳዊትም የጠረዙት እሳቸው ናቸው፤ አባቴ ከሞተ በኋላ እንኳ ዳዊቱ ላልቶ እንደሆነ እየጠየቁኝ ይመጣሉ። ከመደባቸው ላይ ቁጭ ብለው ቆዳ ሲያለፉ አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ልጅቱ ውሸት ትወዳለች?» አሉኝ።

«ፈጽሞ።»

«አንተስ?»

«እኔ... ካልዋሸሁ አትገባማ አው ሐሰን!»

«ወላሂ፣ እኔ በውሸት ላይ አልዋስም» አሉ። ተነስቼ ልሄድ ስል በወስፌያቸው ቁጭ በል አሉኝ። «ስለዚህ ውሸቱን እውነት እናድርገው። ትምጣ። ሁለት ወሯን ትቀመጥ። ከዚያ በባቡር ጅቡቲ ትውረድ፣ ባሕሩን በእግሯ ነክታ ትመለስ። ኬላው ወጣች ብሎ ይጻፍ፤ የኔ ዋስትና ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ሠርጋችሁንም ደግሱ፣ ብትፈልጉ ተጣሉ።»

«ስትመለስስ? ለሁለተኛው ይለፍ ማን ይዋሳል?»

«ያን ጊዜ ሌላ ሰው ፈልግ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ በየወሩ አልዋስም።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እጃቸውን ስሜ አለቀስኩ። ከራሴ ወገን አንድ ሰው ያላደረገልኝን ነው ያደረጉልኝ። በማግስቱ ፊታውራሪው ፊት ቆመው «ባትሄድ በእሷ ፈንታ እኔ እታሰራለሁ» ብለው ቃላቸውን ሰጡ፤ ጸሐፊውም ጻፈ። አጋፋሪው ትከሻዬን መታ አድርጎ «አልቋል በለው» አለኝ።

እኔም ሞኙ አልቋል አልኩ! ያን ዕለቱን የግሪኩ ሰው ወደ ጅቡቲ ይወርድ ስለነበር «ይለፉ አልቋል፣ ነይ በላት» ብዬ ላክሁበት። ያላለቀው ማኅተሙ ብቻ ነበር። ማኅተሙ ደግሞ ከፊታውራሪው አንገት አይለይም፤ የፊታውራሪውም አንገት በዚያው ሳምንት በቅሎ ላይ ወጥቶ የወሰን ክርክር ሊያይ ገጠር ወረደ። «ነገ ይመለሳሉ» ተባለ። ነገ ስንት ነገ እንዳለው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ክረምት ገባ። አንድ ነጋዴ ከድሬዳዋ ወጥቶ «አንዲት ነጭ ሴት ኬላው ዘንድ ሣጥኗ ላይ ተቀምጣ ያንተን ስም ትጠራለች» ብሎ ነገረኝ። ድሬዳዋ በክረምት! የወባው ንዳድ ሰው እንደ ቅጠል በሚያረግፍበት ጊዜ! ወረቀቱን በደረቴ ይዤ ወደ ፊታውራሪው ሮጥኩ።

ፊታውራሪውን ያገኘኋቸው ገጠር ውስጥ፣ ተከራካሪዎች እየጮሁባቸው ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር አንቀላፍተው ነው። ወረቀቱን አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ማኅተሙ የሚቀባበት ጥላሸት አልቋል። «ሐረር ስንመለስ» አሉ። እግራቸው ሥር ወደቅሁ፣ «አቤት!» ብዬ ጮህኩ፤ ተከራካሪዎቹም የኔ ጉዳይ ከነሱ የበለጠ መስሏቸው ዝም አሉ።

ይኼኔ ከድንኳን ጀርባ የማውቀው ሆድ ብቅ አለ። የወጥ ቤቱ አለቃ ነው።

«ጌታዬ፣ ይኸን ልጅ እኔ አውቀዋለሁ!» አለ። «ሰው አክባሪ ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋ በዚህ ዘመን አይገኝም።» ብሎ እየተጣደፈ ሄደና ከእሳት ላይ የወረደ ድስት ገልብጦ ይዞ መጣ። ፊታውራሪው ማኅተማቸውን ከድስቱ ቂጥ ጥላሸት አስነክተው ወረቀቱ ላይ ጫን አደረጉት። በሕይወቴ መሬት መሳሜ የጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በስሕተት የሳምኩት።

ድሬዳዋ ስደርስ ታኩሂ ከኬላው ዳስ ሥር፣ ከቆዳ ክምር አጠገብ ሣጥኗ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከስታለች። እንሽላሊት እንኳ ጥላ ፈልጋ በምትተኛበት ሙቀት እሷ በወፍራም ጋቢ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች።

«አልቋል አልከኝ» አለችኝ።

«ትንሽ ቀርቶት ነበር።»

ከጋቢዋ ጫፍ ክር መዛ በጥርሷ ቀጭ አደረገችው። ከዚያ ግንባሯን ደረቴ ላይ ደገፍ አደረገች፤ በሸሚዜ ውስጥ እሳቱ ተሰማኝ።

የኬላው ሹም ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሳ፣ ገለበጠ፣ አሸተተ። እንደገና አሸተተ።

«ይኸ ማኅተም ወጥ ወጥ ይሸታል» አለ።

«የፊታውራሪው ነው ጌታዬ።»

«የፊታውራሪው መሆኑን መች አጣሁት። የምን ወጥ ነው?»

«የበግ።»

ጥቂት አሰበና «ደህና ይበላሉ» ብሎ አሳለፈን። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ እሷ እዚያ ሣጥን ላይ ተቀምጣ የነደደችበት ጉዳይ በበግ ወጥ አለቀ። ሰውዬውን ማነቅ አምሮኝ ነበር። ማነቁን ትቼ እጅ ነሳሁና በቅሎው ላይ አወጣኋት።

ዳገቱን ስንወጣ አንዴ ይበርዳታል፣ አንዴ ያቃጥላታል። እንዲያም ሆኖ ሸዋ በር ስንደርስ ቀና ብላ ግንቡን አየችው።

«ይኸን ሁሉ ግንብ ማንን ለመከልከል ነው የሠራችሁት?»

«አንቺን።»

«አልቻላችሁም» አለችና ሳቀች። ሐረር ስትገባ የሳቀችው ይቺ ናት፤ ዛሬም በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር ትሰማኛለች።

እናቴ በሩ ላይ ጠበቀችን። ዓይኗ እምብዛም ስለማያይላት ሰው የምታውቀው በእጇ ዳብሳ ነው። ጉንጯን ዳበሰች፣ ግንባሯን ዳበሰች፣ እጇን ግን ቶሎ አነሳች። «ታከለች፣ ልጄ፣ አንቺ እኮ እሳት ነሽ» አለቻት። ታኩሂ ቃሉ ባይገባትም ያቺን እጅ ይዛ መልሳ ግንባሯ ላይ አደረገችው።

ከግሪኩ ሰው ኪኒን አመጣሁ። አንዳንድ ቀን ደህና ትሆንና ከትራስ ቀና ትላለች። አው ሐሰን ሊጠይቋት ሲመጡ ከደጅ «ቤቶች!» ብለው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። እሳቸው ዓረብኛውን ከመጽሐፍ፣ እሷ ከወደብ የተማሩ ስለሆኑ ሲነጋገሩ መስማት ነበር! አንድ ቀን ይዘውት የመጡትን ቁርኣን ከሩቅ አየችና ስፌቱ ላልቷል አለቻቸው። በዚህ ከተማ የአው ሐሰንን ስፌት ላላ ያለ ሰው ተሰምቶ አይታወቅም። እኔ አፈርኩ። እሳቸው ግን ወደ መስኮቱ ወስደው አዩትና «ሱብሃነላህ፣ እውነቷን ነው» ብለው እዚያው ፈቱት።

«እርስዎ ነዎት ትሄዳለች ብለው የተዋሱት?» አለቻቸው።

«እኔ ነኝ ልጄ።»

«አላሳስርዎትም። ትንሽ ልበርታና ወርጄ ባሕሩን ነክቼ እመለሳለሁ።»

«ኢንሻአላህ። አንቺ ብቻ ዳኚልኝ እንጂ እኔ ብታሰርም ግድ የለኝም።»

«እኔ ግድ አለኝ» አለች። ሰው ሲዋሽ የምታውቀው ልጅ፣ ራሷ መዋሸት አልቻለችበትም ነበር፤ ሰጥታ ሳትፈጽመው የቀረችው ቃል ያ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት፣ እናቴ አጥሚት ይዛላት ስትገባ፣ ታኩሂ ሞታ ነበር። እኔ ደጅ ውኃ ስቀዳ የእናቴን ጩኸት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አላስታውሰውም። ጮኼ አልቅሻለሁ፤ ደረቴን መትቻለሁ። የዚያን ሾላ ቅጠል፣ የዚያን ጥላሸት፣ የዚያን «ነገ» ሁሉ አንድ በአንድ ረግሜያለሁ። ለሠርጓ የተወቀጠው ጌሾ ለለቅሶዋ ሆነ።

የእናቴ የንስሐ አባት «አርመኖች በሃይማኖት ወንድሞቻችን ናቸው» ብለው ጸሎተ ፍትሐት አድርሰው ቀበሩልን። በዚህች አገር እሷን ያለ ዋስ የተቀበላት ጉድጓዱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ባበቃ ደግ ነበር። ኀዘኔን ይዤ ቤቴ በተቀመጥኩ። ግን ሁለቱ ወር አለቀ። አንድ ጠዋት የጎረቤት ሰው መጥቶ «አው ሐሰን ታስረዋል» አለኝ። ነጠላዬን እየጎተትኩ ሮጥኩ። በፊታውራሪው ግቢ ውስጥ፣ እኔ ደጅ ስጠና ከነበርኩበት ጥግ፣ አው ሐሰን እጅና እጃቸው በገመድ ታስሮ ቁጭ ብለዋል። ጣታቸው ላይ ሙጫው አልደረቀም፤ ከሥራቸው ላይ ነው የተነሱት። እኔን ሲያዩ «አይዞህ» አሉኝ። እኔን!

«ጌታዬ!» ብዬ ፊታውራሪው ፊት ወደቅሁ፤ «ልጅቱ ሞታለች እኮ!»

«ኬላው ገባች ይላል፤ ወጣች አይልም» አሉ ፊታውራሪው። «ሞተች ብሎ ያስታወቀኝም የለም። ዋስ የተዋሰለትን ሰው በእጁ ያሳያል፤ በሕይወት ካለች በሕይወቷ፣ ከሞተች መቃብሯን። ከዚያ ይፈታል።» ቀጥሎ የሌላ ሰው ክርክር ጠሩ።

አጋፋሪው የገመዱን ጫፍ ይዞ፣ አው ሐሰን መሐል ሆነው፣ እኔ ከኋላ ሆኜ በገበያው መሐል አለፍን። በየሱቁ ያለ ሰው የሚያውቃቸውን ሽማግሌ ታስረው ሲያይ ብድግ ይላል። እሳቸው «አሰላሙ ዓለይኩም» እያሉ ሁሉንም ሰላም ይላሉ። እኔ ቀና ማለት አቃተኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አው ሐሰን ቆሙ። አጋፋሪው ግን ዋሱ ራሱ በእጁ ካላሳየ አይሆንም አለ። እሳቸውም ጫማቸውን አወለቁና ገቡ። እናቴ እንደ ልማዷ መቃብሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ኮቴ ሰምታ ፊቷን ወደኛ መለሰች።

«ያሳዩ» አለ አጋፋሪው።

አው ሐሰን አንድ እጃቸውን ቢያነሱ ሁለተኛውም አብሮ ተነሳ፤ የታሰረ ነዋ። በሁለት እጃቸው አፈሩን አሳዩ። ዱዓ የሚያደርጉ ይመስሉ ነበር፤ ከንፈራቸውም ይንቀሳቀስ ነበርና ምናልባት ያደርጉም ነበር።

አጋፋሪው አፈሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ራሱን አከከ።

«እሺ፣ እዚህ ናት» አለ፤ «ዛሬ እዚህ ናት ብዬ እነግራቸዋለሁ። ነገ አንዱ ተነስቶ ድሬዳዋ አየኋት፣ ሌላ ቦታ ታየች ቢላቸው የሚጠየቀው ማን ነው? እኔ ነኝ። እኔም የልጆች አባት ነኝ። ከዚህ የትም እንደማትሄድ ዋስ ያስፈልገኛል።»

ይቀልድ እንደሆነ ብዬ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም። ጌታውን የሚፈራ ምስኪን ሰው ነበር።

«እኔ ዋስ ነኝ» አልኩ።

«የትም አትሄድም በል።»

«የትም አትሄድም።»

«ፊታውራሪ ይሙቱ በል።»

«ፊታውራሪ ይሙቱ፣ የትም አትሄድም።»

አጋፋሪው ገመዱን ፈታ። አው ሐሰን አንጓቸውን እያሹ ወደ እናቴ ዞሩ፤ እናቴ ግን ድምፄ ወደመጣበት ወደኔ ነበር የዞረችው።

«ልጄ» አለችኝ፤ «እንዳትሄድ ዋስ ጥራልኝ ስልህ፣ እኔ እንዲህ አላልኩም። እንዲህ አላልኩም።»